የሶሲዮ መሰላልና የሶሲዮ ቅልጥም

አማቼ ሶሲዮ የትዳር ዕድሜውን ሙሉ ከአራት ፎቅ በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሲንጠለጠል ኖሮ፣ እግሩን የሰበረው ከፀጉር አስተካካዩ ደጃፍ ሲወርድ ነው። ደረጃዋ አንዲት ነች፤ እሷም ብትሆን ከቁርጭምጭሚት አታልፍም። ያን ቀን ጢሙን ተላጭቶ፣ ሽቶ ተርከፍክፎበት፣ ከማዶ ቡና ቤት ለጠራው ሰው እጁን እያወዛወዘ ሲወጣ እግሩ ከዳው። የግራ ቅልጥሙ ሲሰበር ድምፁ ከውስጥ ድረስ ተሰማ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ጥሎ ወጣ።

የኛ ሰፈር ሰው እንዲህ ያለ ነገር ካገኘ አይለቅም። ገና ጄሶው ሳይደርቅ ቡና ቤቱ በሙሉ “ከዛፍ ያልወደቀው ሰውዬ ከመላጫ ወንበር ወደቀ” እያለ ይንከተከት ጀመር። ሶሲዮም አብሮ ሳቀ። ያኔ ሁላችንም አጥንት ነው፣ ይገጥማል ብለን ነበር።

እኔ ታማሮ እባላለሁ። የሚስቱ የኑንዚያታ ታላቅ ወንድም ነኝ። እኔና ሶሲዮ ሥራ ስንካፈል ሰማዩ ለሱ፣ መሬቱ ለኔ ደረሰ። ከፍታ እፈራለሁ፤ አልደብቅም። ወንበር ላይ ቆሜ አምፖል ስቀይር እንኳ እህቴ ሱሪዬን ጨምድዳ ትይዝልኛለች። ስለዚህ በለቀማ ጊዜ እሱ ከላይ ሆኖ ወይኑን ይቆርጣል፣ ቅርጫቱን በገመድ ያወርዳል፤ እኔ ከታች እቀበላለሁ። ቅርጫቶቻችን ታቻቸው ሹል ነው፤ ከላይ ሲመጡ አፈሩን ነክሰው ቀጥ ይላሉ እንጂ አይገለበጡም። እኔም ሹሉ አናቴን እንዳይነክስ ዞር ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ።

አስፕሪኒዮ የሚባለው የኛ ወይን በሌላ አገር እንዳለው በሰው ቁመት ልክ ተገርዞ የሚኖር ወይን አይደለም። ፖፕላር ከሚባል ረጅም ዛፍ ሥር ይተከልና ዛፉን ተጠምጥሞ እስከ ጫፉ ይወጣል፤ ከዛፍ ወደ ዛፍ ተዘርግቶ ረጅም አረንጓዴ ግድግዳ ይሆናል። አባታችን ዛፉንና ወይኑን “ባልና ሚስት” ይላቸው ነበር። የኛ ግድግዳ ከቤታችን ጓሮ ተነስቶ እስከ ቦዩ ይደርሳል። ማን እንደተከለው አባታችን አያውቅም፤ አያቱን ጠይቆም ነበር፣ እሳቸውም አያውቁም። አንዳንዱ የወይን ግንድ እንደ በሬ አንገት የወፈረ ነው። እስካሁን ፍሬ ይሰጣል።

ከዚያ ፍሬ የምንጠምቀው ነጭ ወይን ጎምዛዛ ነው። ጎምዛዛ ስል ቀልዴን አይደለም፤ የመጀመሪያዋ ጉንጭ አንድ ዓይን ታስጨፍናለች። ከሰሜን የመጣ እንግዳ ሲቀምሰው ፊቱን ማየት የዓመቱ መዝናኛዬ ነው። በሁለተኛዋ ጉንጭ ዝም ይላል፤ በሦስተኛዋ ብርጭቆውን ይዘረጋል። ለዚህ ነው ከጎሽ ወተት አይብ ጋር የምንጠጣው፤ አይቡ ወፍራም ነው፣ ወይኑ ምላስ ያጥባል። ከቤታችን ሥር ከለስላሳ ድንጋይ የተፈለፈለ ዋሻ አለ፤ ወይኑ እዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ ተኝቶ ይከርምና በጸደይ ሲቀዳ ከንፈር ይቆነጥጣል። እኔ ሌላ ወይን ስጠጣ ስኳር ውኃ የጠጣሁ ይመስለኛል።

ሶሲዮ የወይን ልጅ አልነበረም። አባቱ ቃጫ እየዘፈዘፈ የሚያድር ድሃ ነበር። እህቴን በፈለጋት ጊዜ አንዲት የተጠጋገነች ብስክሌት እንጂ ሌላ ንብረት አልነበረውም። አባታችንን ሲጠይቀው አባታችን እሺም እምቢም አላለም። ከርሞ ከርሞ አንድ ጠዋት በራችን ላይ ጠበቀውና “ተከተለኝ” ብሎ ወደ መሰላል ሠሪው ወሰደው። እናታችን ይህን ስትሰማ ወዲያው ሳጥኗን ከፍታ የኑንዚያታን የሰርግ አንሶላዎች መቁጠር ጀመረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኛ አገር መሰላል አይገዛም፤ እንደ ጫማ ለባለቤቱ ይለካል። ጠባብና ረጅም ነው፤ ከእርከን እስከ እርከን ያለው ርቀት የባለቤቱ ቅልጥም ነው። ከታችኛው እርከን ላይ ግራ እግርህን ታሳርፋለህ፣ ጉልበትህ ከላይኛው እርከን ሥር ገብቶ ይቆለፋል፤ ከዚያ ሁለት እጅህ ነፃ ነው። አንዱ ወይኑን ይይዛል፣ ሌላው ይቆርጣል። ጉልበቱ ካልተቆለፈ ሰውዬው በእጁ መሰላል ሲያቅፍ ይውላል። ስለዚህ ማንም ሰው የሌላ ሰው መሰላል ላይ አይወጣም። ወንድም ለወንድሙ አያውስም፤ መጠየቁም ነውር ነው። ሶሲዮ መሰላል ተለካለት ማለት ቤታችን ገባ ማለት ነበር።

መሰላሉ ላይ ደግሞ አማረበት። ብዙ መሰላል የሚወጣ ሰው አይቻለሁ፤ እንደሱ ያለ አላየሁም። ከላይ ሆኖ ይዘፍናል፤ የየመንደሩን ወሬ አይቶ ለኛ ያወርዳል። “ታማሮ! ጠበቃው ሚስቱ ሳታይ እያጨሰ ነው!” ብሎ ይጮኻል። ሠላሳ አምስት ዓመት እንዲህ ኖርን። አንድ ቀን “አትፈራም ወይ?” ብዬ ብጠይቀው ገርሞት አየኝና “ፍርሃቱን አንተ ይዘህልኝ የለ?” አለኝ።

እግሩን የሰበረው የወይኑን ቅርንጫፍ ገርዘን በጨረስን ሰሞን ነበር። በሰኔ ጄሶው ተፈታ፣ በሐምሌ ያለ ምርኩዝ ሄደ። በነሐሴ አንድ ጠዋት ፍሬው ምን ያህል እንደገፋ ልይ ብሎ መሰላሉን ከመጀመሪያው ዛፍ ላይ አስደገፈ። እኔ እንደ ወትሮዬ ከሥር ቆምኩ። ወጣ፤ ስድስት ሰባት እርከን እንደሄደ ጉልበቱን አስገባና አንድ እጁን ለቀቀ። ወዲያው የግራ እግሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መሰላሉ ከነቅጠሉ አብሮ ተርገፈገፈ። ሁለት እጁን መልሶ ግጥም አድርጎ ያዘ። እዚያው ተጣብቆ ቆየና ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዷን እርከን በእግሩ እየዳበሰ ወረደ። ፊቱ ወይኑን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰ እንግዳ ፊት ይመስል ነበር።

“ምን ሆንክ?” አልኩት።

“ምንም። ፀሐይ ነው።”

በማግስቱ ፀሐይ አልነበረም፤ እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን እኔን ሳይጠራ ለብቻው ሞክሮ ኖሮ፣ የጎረቤታችን ልጅ ከመስኮት አይታው ቡና ቤት ወሬ ደረሰ። “ሶሲዮ ፈራ” ተባለ። ይኼኛው ሳቅ እንደ መጀመሪያው አልነበረም፤ አንዳንዱ ዝቅ ብሎ ነው የሳቀው። ሶሲዮ ቡና ቤት መሄድ ተወ።

ዋሻው ውስጥ በርሜል ስናጥብ ነው ነገሩን ያወጣው። “አማቼ፣ አለቀልኝ” አለኝ። “ልቤ የኔ አይደለም። ሌሎቹ ‘ፍርሃት’ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። እግሬ ገና ከመሬት ሲነሳ ይርዳል። ስልሳ ዓመት አልፎኝ ፈሪ ሆንኩ።”

እኔ ከፍርሃት ጋር አብሬ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እሱ ግን ፍርሃቱ እንደ ሌባ ቤቱ የገባበት ነው የመሰለው።

“እንግዲህ ዛፉን እናስቆርጠው” አለ።

ይህን ያለው ስለ ተናደደ አልነበረም፤ እውነት ስለሆነ ነው። አስፕሪኒዮ ካልተለቀመና ካልተገረዘ ክብደቱ ዛፉን ይሰብራል፤ አንድ ዛፍ ከወደቀ ግድግዳው ሁሉ ይከተለዋል። መሰላል የሚወጣ ሌላ ሰው እንዳናመጣ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እነሱም የየራሳቸው ግድግዳ አላቸው፣ ፍሬው ደግሞ ለሁሉም በአንድ ሰሞን ነው የሚደርሰው። የሶሲዮና የኑንዚያታ ልጅ ኢማ ልታገባ ነው፣ የምትኖረውም ከተማ ነው። እኔ ምን ቆርጦኝ! ስለዚህ የሞተር መጋዝ ያለውን ዛፍ ቆራጩን ካኒዮን አነጋገርነው። በመስከረም መጨረሻ፣ ከሰርጉ በኋላ ባለው ሰኞ እንዲመጣ ተስማማን። ኑንዚያታ ስንነግራት አልጮኸችም፤ የምትሰፋው ጫማ ላይ አቀርቅራ መስፋቷን ቀጠለች። የእህቴን ዝምታ ከጩኸቷ ይበልጥ እፈራዋለሁ።

ኑንዚያታ ለጫማ ፋብሪካ የጫማ ፊት እቤቷ ሆና ትሰፋለች፤ የባሏንም ልብስ የምትሰፋው ራሷ ነች። ለኢማ ሰርግ አዲስ ሱሪ አዘጋጀችለት። እኔ ጠረጴዛው አጠገብ ባቄላ እየፈለፈልኩ ነበር፤ እሷ ስፒል በአፏ ይዛ ከእግሩ ሥር ተንበርክካለች።

“ቀጥ ብለህ ቁም፣ አንተ ሰውዬ!”

“ቆሜያለሁ እኮ።”

“አልቆምክም። ተጣመሃል።”

“ያገባሽው ጠማማ ነው፤ ዛሬ ነው የታየሽ?”

ሁለቱንም እግር እኩል አጥፋ ሰካችው። ሶሲዮ ሁለት እርምጃ ሄደ። የግራው ሱሪ ተረከዙን አልፎ ወለል ይጠርጋል። እህቴ ጨርቅ ሻጩን ሰደበችው፤ ቀጥሎ መቀሱን ሰደበችው። ፈትታ እንደገና ለክታ ሰካች። አሁንም የግራው ይጎተታል። ያኔ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣችና እግሩን ታየው ጀመር።

“ጫማህን አውልቅ” አለችው።

ከጉልበቱ እስከ ተረከዙ ቀኙን ለካች፤ ከዚያ ግራውን ለካች። ግራው በአንድ አውራ ጣት ወርድ ያጥራል።

“እና?” አለ ሶሲዮ። “ዶክተሩ ትንሽ ታጥራለህ ብሎኛል። ሰርጉ ላይ ማን ሜትር ይዞ ይመጣል?”

ሜትሯን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። በመስኮት አየኋት፤ ከቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን መሰላል ከእርከን እስከ እርከን ትለካለች። አንዱን ለካች፣ ሌላውን ለካች፣ ደግማ የመጀመሪያውን ለካች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ አፏ ግን ይስቃል።

“ሶሲዮ፣ ያ መሰላል ያንተ አይደለም” አለችው።

“ምን ትያለሽ?”

“ያንተ አይደለም አልኩህ! እግሩ ያልተሰበረ የአንድ ሰውዬ መሰላል ነው። ያ ሰውዬ ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ ቀርቷል። አንተ የሰው መሰላል ላይ ነው እየወጣህ ያለኸው!”

እጄ ላይ ያለው ባቄላ ወደቀ። በሰው መሰላል እንደማይወጣ የኛ አገር ሕፃን ልጅ ያውቃል። የራስ መሰላል አንድ ቀን የሰው መሰላል ሊሆን እንደሚችል ግን ለማናችንም አልመጣልንም ነበር።

ሶሲዮ ግን ፊቱን አጠቆረ። “አታባብይኝ ኑንዚያታ። ፍርሃት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ወንድምሽን ዕድሜዬን ሙሉ አይቼዋለሁ።”

“ታማሮ፣ ተነስ፣ መሰላሉን የቤቱ ግድግዳ ላይ አስደግፍ” አለችኝ። ስድቡን ለመመለስ እንኳ ጊዜ አልሰጠችኝም። ከጫማ ሥራዋ ሣጥን ውስጥ ወፍራም የሶል ቆዳ መርጣ፣ በአውራ ጣቷ ውፍረቱን አይታ፣ ከግራ ጫማው ሥር በክር ጠፍንጋ አሰረችው። “ሦስተኛው ላይ ውጣ። ከሦስተኛ ወድቆ የሞተ የለም።”

“ከአንደኛም ወድቄ ተሰብሬያለሁ” አለ እያጉረመረመ። ግን ወጣ። ሱሪው በስፒል እንደተሰካ፣ ቆዳው ከጫማው ሥር ተወትፎ፣ ያስቅ ነበር። ማናችንም አልሳቅንም። ግራ እግሩን እርከኑ ላይ አሳረፈ፣ ጉልበቱን ወደ ላይኛው ሥር ገፋ አደረገ። ቆመ። እግሩን አየሁት፤ አልተንቀጠቀጠም። አንድ እጁን ለቀቀ። ቆይቶ ሌላውን ለቀቀ። በሁለት እጁ አየሩን ይዞ፣ ግድግዳችን ላይ እንደ ቅዱስ ሥዕል ቀጥ ብሎ ቆመ። አፍንጫውንም አከከ።

“ኑንዚያታ” አለ።

“ወዬ።”

“ስፒሉ ወግቶኛል።”

ይህን ብሎ እዚያው መሰላሉ ላይ ሆኖ ማልቀስ ጀመረ። እህቴ ከሥር ሁለት እግሩን አቅፋ አብራው አለቀሰች። እኔም ወደ ባቄላዬ ተመለስኩ፤ አንድም ባቄላ አይታየኝም ነበር።

በቆዳ ታስሮ ግን ጫፍ ድረስ አይወጣም፤ ይንሸራተታል። ስለዚህ ያኔ በአባታችን ትእዛዝ የሶሲዮን ቅልጥም የለካው መሰላል ሠሪው ኤልፒዲዮ ዘንድ ሄድን። ሰማንያን አልፏል፤ ሁላችንም አጎቴ ነው የምንለው። ነገሩን ስንነግረው ቆጣ አለ።

“ሐኪም ቤት ሄድክ፣ ቄሱ ጋ ሄድክ፣ እኔ ጋ መምጣት ምን ገደለህ?”

“አጎቴ፣ የልብ ነገር መስሎኝ ነው” አለ ሶሲዮ።

“ልብ! እኔ ልብ ለክቼ አላውቅም።” ሁለት ረጃጅም የደረቁ የመሰላል ቋሚዎች ከጥጉ አወጣ።

ሶሲዮ ሆድ ውስጥ ግን አንዲት ነገር ቀርታለች። “አጎቴ፣ ለዚህ ዕድሜ መሰላል ይለካል ወይ? ለሙሽራ ሲለካ እንጂ ለሽማግሌ ሲለካ አላየሁም።”

“ዕድሜህን አልጠየቅኩህም። ጉልበትህን አምጣ” አለው ኤልፒዲዮ። ግራ እግሩን ከቋሚው ጎን አስቆመና ከጉልበቱ ትክክል በከሰል አሰመረ። ያቺን ጥቁር መስመር ሳይ አባታችን ትዝ አለኝ። ሶሲዮ መስመሯን በጣቱ ነካት፤ ኤልፒዲዮ “እንዳታጠፋብኝ” ብሎ እጁን መታው።

ሰርጉ አለፈ። ሶሲዮ እየዘለለ ጨፈረ፤ ሱሪውም እኩል ነበር። መሰላሉ የደረሰው ቅዳሜ ነው። ሰኞ ማለዳ ጤዛው ሳይነሳ ለቀማ ጀመርን፤ ቡና ቤት ውስጥ ዝቅ ብለው የሳቁት ሁለት ሰዎች ሳይቀሩ ቅርጫት ለመሸከም መጡ። ይቅርታ አልጠየቁም፤ ቅርጫት አነሱ፤ ለኛ ይበቃል። በግርግሩ መሀል የካኒዮን ነገር ሁላችንም ረስተነው ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ መጋዙን ጭኖ ከች አለ።

ከዛፉ ሥር ቆሞ ወደ ላይ አንጋጦ “ሶሲዮ! እዚያ ላይ ምን ታደርጋለህ? የምቆርጠው ይሄን አይደለም እንዴ?” ብሎ ጮኸ።

ቅጠሉ ተንቀሳቀሰ። የሶሲዮ ድምፅ ከሰማይ ወረደ። “እንኳን መጣህ! ታማሮ፣ ያን አሮጌ መሰላል አውጣለት። ባለቤቱ የለም፤ ሰው ተሳስቶ ይወጣበታል።”

ሄጄ አወጣሁለት። ሠላሳ አምስት ዓመት የተረገጡት እርከኖች መሀላቸው ተበልቶ እንደ ማንኪያ ጎድጉደዋል። ካኒዮ መጋዙን አስነሳ። ኑንዚያታ ከደጃፉ ቆማ አየች። ሲቆራረጥ ትንሽ ሆድ ባሰኝ፤ ደግሞ ብዙም አልቆየብኝ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ቅርጫት እየወረደ ነበር። ዞር አልኩ። ሹሉ አፈሩን ነክሶ ቀጥ አለ። ፍሬው ገርጥቶ፣ ጤዛ አዝሎ፣ እስከ አፉ ሞልቷል። አንዷን አንስቼ አፌ ውስጥ አፈረጥኳት፤ አንድ ዓይኔ ተጨፈነ። ዕንባዬ መጣ። ጎምዛዛነቱ ነው ልል ነበር፤ አይደለም፣ ደስ ብሎኝ ነው።

“ታማሮ!” አለኝ ከላይ።

አንጋጠጥኩ። ከዛፉ ጫፍ ላይ፣ ቅጠሉን ገልጦ፣ ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ እያወዛወዘልኝ ነው። ሁለቱንም። ዓይኔን ግጥም አድርጌ ጨፈንኩ። ፍርሃቱ ወደ ቦታው፣ ወደኔ፣ ተመልሷል።